ቅቤ ለወጥ ነው፣ ለኮንዶም አይሆንም!

ጐበዝ፣ እስከ መቼ ነው የምንተፋፈረው? ለገና ላሊበላ ሄጄ ማታ ከአንድ ሱቅ ኮንዶም ጠየቅሁ። ባለሱቁ ግራ ቀኙን አይቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ እንደ ኮንትሮባንድ አቀበለኝ። «ጋሼ፣ በዚህ በቅዱስ አገር?» አለኝ።

ወንድሜ፣ ቅዱሱ አገር ሆቴልም ጠጅ ቤትም አለው! በኢትዮጵያ የኤድስ ሕመምተኛ ከተመዘገበ ከእ.ኤ.አ. 1986 ወዲህ ስንቱን ቀበርን? እፍረታችን ግን አላረጀም። ገዢው እንኳ አጠቃቀሙን የሚነግረው የለም። አንዱ ሁለት ደርቦ ያጠልቃል፤ ሰበቃው ይቀደዋል። ሌላው ቫዝሊን ወይም ቅቤ ይቀባዋል፤ ቅባት ላስቲኩን ይበላዋል። የሚስማማው ውኃ ነክ ማለስለሻ ነው። ዛሬ ደግሞ በሻንጣ የሚገባ የወሲብ መጫወቻ አለ። ሳይታጠብ ከሰው ሰው ከዞረ ጨብጥና ቂጥኝ ያዞራል። በሳሙና ይታጠብ፤ ለየሰዉ አዲስ ኮንዶም ይልበስ።

ኮንዶሙ ከተቀደደስ? ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል።

ይህን መናገር ልቅነት ነው የምትሉ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!! ጋዜጣም ይነበብ እንጂ ኮንዶም አይጠቅለልበት።