መድኃኒቱም ከበሽተኛው ተሸሽጓል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረት የአእምሮ ሕመም በተነሣ ቁጥር ይጠቀሳል። ታማሚው በመደበቁ፥ ዘመዶቹም በማፈራቸው ሕክምና ሳያገኝ ቀረ ለማለት ነው። ይህ እውነትነት ቢኖረውም ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ላይ መጫን ግን ትክክል አይመስለኝም። ነገሩ ሲመረመር መድኃኒቱም ራሱን ከበሽተኛው ሸሽጎ ኖሯል።

ለዚህ ምስክሩ ቡታጅራ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በዚህ አካባቢ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረ ጥናት፥ ተመራማሪዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ጠይቀዋል። ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ከተያዙት መካከል ከመቶ 90 የሚሆኑት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር።

ይህ ሁሉ ሰው በሐፍረት ብቻ ቀረ ማለት አይቻልም። ለብዙ ዘመን ለአእምሮ ሕመም ብቻ የተቋቋመ ሆስፒታል ተብሎ የሚታወቀው በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ነበር። ከገጠር የሚመጣ ቤተሰብ ለታማሚውና ለአስታማሚው የመሳፈሪያ፥ የማደሪያና የምግብ ወጪ አለበት፤ የእርሻው ሥራም ይቆማል። መድኃኒቱ በነጻ ቢሰጠው እንኳ ለሁለተኛው ቀጠሮ መመለስ ያቅተዋል። ወደ ጠበል የሚሄደውም በእምነቱ ብቻ ሳይሆን ጠበሉ ቅርብ ስለሆነም ነው። ጠበሉንና ክኒኑን ጎን ለጎን ማስኬድ እየተቻለ ታማሚውን ከሁለት አንዱን ምረጥ ማለት በር መዝጋት ነው።

ሆኖም በዚያው በጉራጌ አገር መፍትሔውም ተፈትኗል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ ከ300 የሚበልጡ ጽኑ ታማሚዎች በሁለት ተከፍለው እኩሌቶቹ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች፥ እኩሌቶቹ ደግሞ ተጨማሪ ሥልጠና ባገኙ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ታክመዋል። ከ12 ወር በኋላ የጤና ጣቢያዎቹ ታካሚዎች ሁኔታ ከሌሎቹ የከፋ ሆኖ አልተገኘም። እንግዲህ በቅርብ የሚሰጥ ሕክምና ዝቅተኛ ሕክምና ነው የሚለው አስተያየት መሠረት የለውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የሐኪሞች ብቻ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ የምንገኘው የመንግሥት ሠራተኞችም ሥራ ነው። የመድኃኒት ግዢ ሰነድ በጠረጴዛችን ላይ አንድ ወር ሲዘገይ፥ ተሽሎት የነበረ ሰው ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። የሠለጠነው ነርስ ተተኪ ሳይዘጋጅ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ያ ጤና ጣቢያ በሩ ክፍት ቢሆንም ለታማሚው እንደተዘጋ ነው። በንግግር የሚሰጠው ሕክምና ደግሞ ታማሚው በሚያልምበትና በሚያለቅስበት ቋንቋ ካልሆነ ሕክምና ሊባል አይችልም፤ ስለዚህ ሠራተኛ ሲመደብ የአካባቢውን ቋንቋ ማወቁ እንደ ተጨማሪ ነገር ሳይሆን እንደ ዋና ችሎታ ሊቆጠር ይገባል።

በየቢሮአችንም ቢሆን፥ ለወባ ፈቃድ የጠየቀውን ባልደረባችንን «እግዜር ይማርህ» ብለን ስንሸኝ፥ ለጭንቀቱ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ግን ሌላ ምክንያት ፈጥሮ ይወጣል። ሕመሙን የሸሸገው እኛ በምናወራው ወሬ ምክንያት መሆኑን አንርሳ።

በሽታውን አትሸሽግ ብሎ ለመምከር በቅድሚያ መድኃኒቱን ከተሸሸገበት ማውጣት ያስፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ