የፍሬን ሸራ ስንገዛም ስንሸጥም



ወንድምና እህቶች፣ የጋራዥ ዋጋ በናረበት በዚህ ጊዜ ዘይት፣ ፊልትሮና ካንዴላ በራሳችን እጅ መቀየር መልመዳችን ደስ ይላል። ፍሬን ላይ ግን ቆም እንበል።

ሶማሌ ተራ ገብተን «የቪትዝ ሸራ ስጠኝ» ብቻ ማለት አይበቃም። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር እንያዝ፤ አሮጌውንም ፈተን በታክሲ ይዘን ሄደን እናስተያይ። ሸራ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ይቀየራል፤ አለበለዚያ ፍሬን ስንይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። በክሪክ ብቻ ወይም በብሎኬት በቆመ መኪና ስር አንግባ፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ገጥመን ስንጨርስ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመን ሳንረግጥ ከግቢ አንውጣ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ነጋዴ ወንድሞቻችንስ? ኮፒውን «ኦርጅናል ነው» ብሎ መሸጥ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ እጃቸውን ከእህሉ ክምር አስገብተው እርጥቡን ሲያገኙ ያወገዙት ማታለል ራሱ ነው። እዚህ ደግሞ የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚሻገር ልጅም አለ። «አይቶ ነው የወሰደው» ማለት አያድንም። ገዢው ከካርቶኑ ጽሑፍ በቀር ምን ያያል? ርካሽ ዕቃ መሸጥ አልተከለከለም፤ የተከለከለው የሌላ ስም መለጠፉ ነው። ርካሽ መሆኑን ነግረን በርካሽ ዋጋ እንሽጥ፤ ደረሰኙም ላይ ይጻፍ።