ለወገብ ነርቭ ሕመም የምንከፍለው ለምኑ ነው?

ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስቶ በገርጂና በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ «ኤምአርአይ» ወይም «ፊዚዮቴራፒ» የሚል ማስታወቂያ አያጣም። ገበያው እንዲሁ አልደራም። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ አቀርቅረው ይውላሉ፤ የራይድ ሹፌር ከመሪው ሳይነሳ ይመሽበታል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የሰሚትና የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየሞች 20 ሊትር የያዘ ጀሪካን ሊፍት በሌለው ደረጃ አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ሕመሙ ከወገብ ተነስቶ፣ በመቀመጫና በጭን ጀርባ ወርዶ፣ ባትና እግር ጣት ድረስ መንዘር ሲጀምር ታማሚው «ዲስኬ ተንሸራቷል» ይልና ያጠራቀማትን ይዞ ወደ ምርመራ ይሮጣል። እኔ የምለው፣ ለአብዛኛው ታማሚ ያ ገንዘብ አስቀድሞ መዋል ያለበት በእጁ መርምሮ እንቅስቃሴ ለሚያስተምረው ባለሙያ ነው። ፎቶውም፣ ቀበቶውም፣ ማሽኑም ከዚያ በኋላ ይምጡ፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ ባይመጡ ይሻላል።

ነገሩን ለመረዳት የሕመሙን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ ውጭው ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከታች ካሉት ሁለት ዲስኮች የአንዱ ሽፋን ይሰነጠቅና ለስላሳው ክፍል ሾልኮ የነርቩን ሥር ይጫናል፤ በሚያመነጨው ኬሚካልም ያስቆጣዋል። ብዙዎች የማያውቁት ቀጥሎ የሚሆነውን ነው። ሾልኮ የወጣውን ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ከዲስኩ ተቆርጦ የወጣው ደግሞ ካበጠው ይልቅ የመጥፋት ዕድሉ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 183 ታማሚዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ፣ ሌሎቹ ኑሯቸውን እንዲቀጥሉ ተደረገ። ከ12 ሳምንት በኋላ በሁለቱም ወገን 87 በመቶው ተሽሎት ነበር። «መሬት ላይ ተኛ፣ ንቅንቅ አትበል» የሚለው የጎረቤት ምክር ያተረፈው ነገር የለም።

«በራሱ የሚሻል ከሆነ ለፊዚዮቴራፒ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ ተገቢ ነው። መልሱም ሳይጋነን መሰጠት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ በ220 የዚህ ሕመም ታማሚዎች ላይ የወጣ ጥናት፣ ቶሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ የተላኩት ከስድስት ወር በኋላ የዕለት ሥራቸውን በመሥራት የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል፤ ልዩነቱ ግን መጠነኛ ነበር። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒ ዲስክ «ይመልሳል» ብሎ የሚያስተዋውቅ ቢኖር አትመኑት። ፈውሱን የሚያመጣው በአብዛኛው ጊዜ ነው። ባለሙያው የሚጨምረው፣ ታማሚው በዚያ ጊዜ ውስጥ በፍርሃት ታስሮ ጡንቻው እንዳይሰልል፣ ደመወዙም እንዳይቀር፣ ነርቩ እየደከመ ከሆነም ሳይታወቅ እንዳይቆይ ማድረግ ነው።

ይህ ምን እንደሚመስል እንይ። ባለሙያው ታማሚውን በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ሳያጥፍ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ሕመሙ እስከ ባት ከነዘረ ነርቩ መቆጣቱን ይጠረጥራል። በተረከዝ፣ ቀጥሎም በጣት ጫፍ አስኪዶ የትኛው ነርቭ እንደደከመ ይለያል። ከዚያ በሆዱ አስተኝቶ በክርኑ ተደግፎ ደረቱን ቀና እንዲያደርግ ይነግረዋል። ሕመሙ ከባት ተነስቶ ወደ ዳሌና ወገብ ከተሰበሰበ፣ ወገቡ ለጊዜው ቢብስበት እንኳ መልካም ምልክት ነው፤ ታማሚው ያንኑ እንቅስቃሴ ቤቱ ወስዶ በቀን ደጋግሞ ይሠራዋል። ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ይሞከራል። ይህ ሁሉ የሚፈልገው አልጋና የሠለጠነ ዓይን ብቻ ነው። በአንጻሩ የብሪታንያው የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ሕመሙ ወደ እግር ቢወርድም ባይወርድም የወገብ ቀበቶ፣ መጎተቻ፣ አልትራሳውንድና በኤሌክትሪክ የመነዘር ሕክምና እንዳይሰጥ መክሯል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለሥር ሰደድ የወገብ ሕመም ተመሳሳይ ምክር ሰጥቷል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ተቋማት በዲግሪ የተማረ ባለሙያ ማሽን ሰክቶ ደቂቃ ሲቆጥር መዋሉ ዕውቀቱን ማባከን ነው።

ኤምአርአይን በተመለከተ የሚነሳው ተቃውሞ «ሳላይ እንዴት አውቃለሁ?» የሚል ነው። ችግሩ ፎቶው ከሚገባው በላይ መናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው፣ ዲስኮቻቸው ሁሉ ደህና ሆነው የተገኙት 36 በመቶው ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለው ግኝት ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሲሰጥ ታማሚው ዕቃ ከማንሳት አልፎ ጎንበስ ማለትንም ይፈራል። ሆኖም ፎቶ የሚያስቸኩልበት ጊዜ አለ። ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተ፣ በመቀመጫና በብሽሽት አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየሰለለ ከሄደ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ግድ ነው። በአገራችን ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡ ለማንም ወገብ ማሳሸት አይገባም።

ቀዶ ሕክምናን የሚመርጥም አለ፤ ማስረጃም አያጣም። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 በ283 ታማሚዎች ላይ ባወጡት ጥናት፣ ቀድሞ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወገን ሲጠብቅ ከቆየው ይልቅ ሕመሙ ቶሎ ለቆታል። ዓመት ሲሞላ ግን ሁለቱም ወገን እኩል ነበሩ፤ ከጠበቁት ውስጥ በኋላ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 39 በመቶው ብቻ ናቸው። በሌላ በኩል የካናዳ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሕመሙ ከአራት ወር በላይ ለዘለቀባቸው ቀዶ ሕክምና የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ቢላዋው ቦታ አለው፤ ቦታው ግን አደገኛ ምልክት በሌለበት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ነው።

የሚከብደው ተቃውሞ የድሃው ነው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ በየቀኑ ሲኤምሲ ድረስ መመላለሻ ከየት ያመጣል? ክርክሬ የሚጠቅመው ከሁሉ በላይ እሱን ነው፤ የሚገዛው ትምህርት ከሆነ ጥቂት ቀጠሮ ይበቃዋል። ተቀጣሪው ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሰጠውን ይወቅ፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ ሲታመም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል። አሠሪውም ለጥቂት ሳምንታት ሸክሙን ቢያቀልለት የሠለጠነ ሰው አያጣም። ታማሚው በበኩሉ ከመክፈሉ በፊት «ቤቴ ሄጄ ምን እሠራለሁ? በስንት ሳምንት ለውጥ ካላየሁ ወዴት ትልኩኛላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው የፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ገንዘቡ አይገባውም።