ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት

በእንግሊዝ አገር ካንተርበሪ የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳሳት መንበር በዚህች ከተማ ነው። ጆፍሪ ቾሰር የተባለው ባለቅኔ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሳይፈጽመው የሞተው መጽሐፍም፥ ወደዚህች ከተማ ለመሳለም የሚጓዙ ሰዎች በመንገድ ላይ እየተራረኩ የሚያወጉትን የያዘ ነው። በዚያን ዘመን በቤተ መንግሥትና በሊቃውንት ዘንድ የተከበሩት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ላቲን ሲሆኑ፥ ቾሰር ግን ሕዝቡ በሚናገረው በእንግሊዝኛ ጻፈ። እንግዲህ በዚህችው ከተማ የሚገኘው የካንተርበሪ ክራይስት ቸርች ዩኒቨርሲቲ፥ ከ2025 ዓ.ም. ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) ለእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ አዲስ ተማሪ እንደማይቀበል በ2024 ዓ.ም. መጨረሻ አስታወቀ። ምክንያቱም አመልካቹ ስላነሰ ትምህርቱን ማስቀጠል አልተቻለም የሚል ነው።

ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። የሼፊልድ ሃላም ዩኒቨርሲቲም በ2022 ዓ.ም. ይህንኑ ዲግሪ ለጊዜው እንደሚያቆም ተናግሮ ነበር። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ዛሬም ያስተምራሉና የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ከገዛ አገሩ ጠፋ ማለት አይደለም። ነገር ግን የሚዘጋው በር ባለጸጋው የሚገባበት ታላቁ በር ሳይሆን፥ የሠራተኛው ልጅ ከቤቱ ሳይርቅ የሚገባበት በር መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

የዚህ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ገንዘብ ነው። እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ የእንግሊዝ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት አይከፍልም ነበር፤ በዚያ ዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ፥ በ2006 ዓ.ም. እስከ 3,000፥ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ እስከ 9,000 ፓውንድ በየዓመቱ እንዲከፍል ተደረገ። በብድር የሚማር ልጅና አባቱ፥ ትምህርቱ ምን ያበላል ብለው ቢጠይቁ የሚያስነቅፋቸው አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት የመንግሥት መለኪያ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችን የሚቈጣጠረው መሥሪያ ቤት በ2022 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ፥ ከተመራቂዎቹ ከመቶ 60ው በ15 ወር ውስጥ ሙያ የሚጠይቅ ሥራ ወይም ከፍ ያለ ትምህርት እንዲያገኙ ይፈልጋል። የሕዝብ ገንዘብ ጠባቂ የሆነ መንግሥት ገንዘቡ ምን እንዳፈራ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ፍሬውን በ15 ወር የሚፈልግ ሰው ጤፍ ይዝራ እንጂ ወይራ አይትከል።

ይልቁንም የሚያስገርመው፥ ይህ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የገባው ብዙ ተከራክሮ መሆኑ ነው። በለንደን በ1828 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ሆኖ የተሾመው ቶማስ ዴል የሚባል ቄስ ነበረ። ኦክስፎርድ ግን እስከ 1894 ዓ.ም. ድረስ የላቲንና የግሪክን መጻሕፍት እያስተማረ የራሱን ቋንቋ መጻሕፍት በዲግሪ ደረጃ ለብቻቸው አላስተማረም፤ ካምብሪጅም እስከ 1917 ዓ.ም. ቈየ። ተቃዋሚዎቹ፥ የግጥምን ጣዕም መፈተን አይቻልም፥ ሰው በእናቱ ቋንቋ የተጻፈውን ለማንበብ መምህር አያሻውም ይሉ ነበር። ደጋፊዎቹም መልስ እንዲሆናቸው ጥንታዊውን እንግሊዝኛና ሰዋስዉን ከሥነ ጽሑፉ ጋር አጣምረው ከባድ ትምህርት አደረጉት። በቅኔና በትርጓሜ ቤት ያለፈ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ንባቡን ሳያደላድሉ ወደ ምሥጢሩ መግባት እንደሌለ ያውቃልና። ያን ጊዜ ትምህርቱ ቀላል ነው ተብሎ ተነቀፈ፤ ዛሬ ደግሞ ደመወዙ ቀላል ነው ተብሎ ይነቀፋል።

በአፍሪካ ጥያቄው ሌላ መልክ ነበረው። በ1968 ዓ.ም. በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሁለት ባልደረቦቹ፥ የእንግሊዝኛው ክፍል ቀርቶ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መካከለኛውን ስፍራ የሚይዝበት ክፍል ይቋቋም ብለው ጠየቁ። እነዚህም ሰዎች የተቃወሙት የባዕዱ መጽሐፍ በቤቱ ጌታ ስፍራ መቀመጡን ነው እንጂ ሥነ ጽሑፍ መማርን አልነበረም።

ለኢትዮጵያ ባለሥልጣኖች ግን ይህ ወሬ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሊሆን አይገባም። የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በ2008 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ ከመቶ 70ው ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፥ 30ው ለቀረው ትምህርት እንዲመደብ ፖሊሲ ወጥቶ ነበር። የታሰበው መልካም ነበረ፤ መሐንዲስና ሐኪም የማያስፈልገው አገር የለምና። ዳሩ ግን ያ ሰባው የምሕንድስናውንም የሕክምናውንም መጽሐፍ የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛውን የሚያስተምረው መምህር ደግሞ የሚወጣው ከሠላሳው ነው። መምህሩ ራሱ አንድ ረዥም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፥ የቃሉን መውጫና መግቢያ መርምሮ የማያውቅ ከሆነ፥ ለተማሪው የሚያወርሰው ሰዋስው በሰሌዳ ላይ ተጽፎ በሰሌዳ ላይ ይቀራል። በቃል ላይ መሳሳት የሚያስከፍለውን ዋጋ ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት አሳምሮ ያውቀዋል፤ በ1889 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ ክፍል፥ በአማርኛው ይቻላል የሚለው በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ስለ ተገኘ ነገሩ እስከ ዓድዋ ደርሷል።

የካንተርበሪው ዩኒቨርሲቲ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው መምህራንን ለማሠልጠን ነበር። በ2023 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የእንግሊዝኛ መምህርነትን እንዲሠለጥኑ የፈለጋቸውን ያህል ሰዎች ማግኘት አልቻለም። በዓመቱ ዲግሪው እንደሚዘጋ ተነገረ። እነዚህን ሁለት ወሬዎች የሚያገናኝ ሒሳብ በ15 ወሩ መዝገብ ውስጥ አልተጻፈም።