ትንሿ አምፕሊፋየርና የአባታችን በገና

በዚህ ወር ስለ ቤት የድምፅ መሣሪያ ጥቂት ለማውሳት አስበናል። የብዙ ቤተ ሰብ ገንዘብ በካርቶን ላይ በተጻፈ ቁጥር ምክንያት ሲባክን እናያለንና፤ ከተታለሉትም መካከል እኛው ራሳችን አለንበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አባታችን በዐቢይ ጾም ማታ ማታ በገና ሲደረድሩ የተቀዳበት አንድ ካሴት በቤታችን ይገኛል። እንዳይበላሽ በማለት ልጃችን ወደ ስልኩ ገልብጦታል። አሮጌው አምፕሊፋየር በተቃጠለ ጊዜ ስፒከሮቹ ደኅና ስለ ነበሩ፥ ከገበያ ሌላ አምፕሊፋየር ብቻ ገዛን። መጠኗ ከአንዲት የጸሎት መጽሐፍ አይበልጥም፤ በካርቶኗ ላይ ግን «100 ዋት በሁለት ወገን» የሚል ተጽፎባታል። እናታችን አገላብጠው አዩና «ያን ትልቅ መኪና የምትተካው ይህች ናት?» ብለው ሣቁ።

መጠራጠራቸው አያስወቅሳቸውም። በቀድሞው ዓይነት አምፕሊፋየር ትራንዚስተሩ በከፊል እንደ ተከፈተ ቧንቧ ነው፤ አግዶ የሚያስቀረው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከባድ የብረት ማቀዝቀዣ የሚሸከመውም ስለዚህ ነው። ክላስ ዲ በሚባለው ግን ትራንዚስተሩ ወይ ፈጽሞ ይከፈታል፥ ወይ ፈጽሞ ይዘጋል፤ ይህንንም በአንድ ሴኮንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ያደርገዋል። የድምፁ መልክ የሚገለጸው ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ መርዘምና ማጠር ነው። በመጨረሻም ከጥቅል ሽቦና ከካፓሲተር የተሠራ ማጣሪያ ያን ፈጣን ምት አስቀርቶ ድምፁን ወደ ስፒከሩ ያሳልፋል። በዚህ ብልሃት ከተቀበለው ኃይል ከመቶው 85 ወይም 90 እጅ ያህሉን ለስፒከሩ ሊያደርስ ይችላል። (ዲ የሚለው ፊደል «ዲጂታል» ለማለት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከኤ፣ ከቢና ከሲ ቀጥሎ በተራው የመጣ ፊደል ነው።) ሐሳቡም አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ክላይቭ ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በ1964 ኤክስ-10 የተባለውን አውጥቶ ራሳቸው ለሚገጣጥሙ ሰዎች ሸጦ ነበር። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ትራንዚስተሮች ለዚህ ሥራ ቀርፋፎች ስለ ነበሩ፥ የሚወጣው ኃይል ከተባለው 10 ዋት በጣም ያነሰ ነበር። የካርቶን ላይ ቁጥር ነገር እንግዲህ የቆየ ነው።

ወደ እኛው ካርቶን እንመለስ። አብሮ በመጣው አዳፕተር ላይ 12 ቮልት፣ 2 አምፔር የሚል አለ። 12 በ2 ሲባዛ 24 ዋት ነው። 24 ዋት ተቀብሎ 200 ዋት እያወጣ የሚዘልቅ መሣሪያ ከቶ የለም፤ ማድጋ ከያዘው በላይ አይቀዳበትም። ሌላም ስሌት አለ። እነዚህ አምፕሊፋየሮች አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩን ከሁለቱም ጫፍ ስለሚገፉት፥ ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለስፒከሩ ኦም እጥፍ ማካፈል ነው። በ12 ቮልትና በ8 ኦም፥ 144 ለ16 ሲካፈል 9 ዋት ይሆናል፤ በ24 ቮልት ግን 576 ለ16 ተካፍሎ 36 ዋት ይደርሳል። ይህም ለአንዱ ስፒከር የሚደርሰው ከፍተኛው ሲሆን፥ በተግባር ጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ ሻጩን «ስንት ዋት ነው?» ከማለት ይልቅ «አዳፕተሩ ስንት ቮልት፥ ስንት አምፔር ነው? አምፕሊፋየሩስ እስከ ስንት ቮልት ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። 9 ዋትም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ በመኖሪያ ክፍል ውስጥ በለሰለሰ ድምፅ ለሚያዳምጥ ሰው ብዙውን ጊዜ 1 ዋት እንኳ ይበቃዋል። ደግሞም በ12 ቮልት የምትሠራ በመሆኗ፥ መብራት በጠፋ ሌሊት ከባትሪ ጋር ትገጠማለች፤ ይህን አሮጌው አያደርገውም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀው ግን ከማጉያው ጋር አብሮ የተሠራው የድምፅ ማረሚያ ነው። ለምሳሌ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚሠራው ቲኤኤስ5805ኤም የተባለው ቺፕ ማጉያውንና ማረሚያውን በአንድነት ይዟል። ማረሚያው ድምፁን እንደ ቁጥር ተቀብሎ፥ ወፍራሙንና ቀጭኑን ለየብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራ ዕቃ ለብቻው ይገዛ ነበር።

የእኛም ስሕተት የተጀመረው በዚህ ላይ ነው። የበገናው ወፍራም ድምፅ አነሰብን ብለን በስልኩ ላይ ያለውን መስመር በ10 ዴሲቤል ከፍ አደረግነው። 10 ዴሲቤል መጨመር ማለት በዚያ ድምፅ ላይ 10 እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው፤ 1 ዋት ይበቃው የነበረው 10 ዋት ይሻል፤ እኛ ያለን ደግሞ 9 ነው። ድምፁ ተሰነጣጠቀ። እናታችንም «ይህ የእርሳቸው በገና አይደለም፤ ጣሳ ነው» አሉ። በማግሥቱ ልጃችን የበገናውን ንዝረት የካሴቱ ጉድለት መስሎት ሊያጠፋው ሲጥር ደረስንበት። ያ ንዝረት ከአውታሩ ሥር በሚገባው የቆዳ ቁራጭ ምክንያት ሆን ተብሎ የሚሰጥ የበገና ጠባይ መሆኑን መሣሪያይቱ አታውቅም፤ ልጁም አላወቀም ነበር።

ከዚያ በኋላ የጨመርነውን ሁሉ አንሥተን ክፍሉን መመርመር ያዝን። ክፍላችን 4 ሜትር ይረዝማል። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ በእንዲህ ያለ ክፍል 86 ኸርዝ ገደማ የሆነው ወፍራም ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ፥ በግድግዳው አጠገብና በመካከል ያይላል፤ ከግድግዳው 1 ሜትር ርቆ ግን ይጠፋል። የእናታችን ወንበር ግድግዳውን ተደግፎ ስለ ነበር አንዱ አውታር በተመታ ቁጥር ያጓራባቸው ነበር። ወንበራቸውን ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ፊት አመጣነው፤ የቀረውን በማረሚያው 4 ዴሲቤል ቀነስነው። ከ50 ኸርዝ በታች ያለውንም፥ የካሴቱ ጉርምርምታ እንጂ በገና ስላልሆነ፥ ቆረጥነው። ድምፅ በጠፋበት ቦታ ላይ የተቀመጠን ሰው ግን ማረሚያው አይረዳውም፤ ቢጨምሩበት ስፒከሩ ይደክማል እንጂ ጉድጓዱ አይሞላም። ትንንሽ ስፒከርንም ትልቅ አያደርገውም። ጥቂት ገንዘብ የተረፈው ሰው እንግዲህ በስፒከሩ ላይ ቢያውለው ይሻላል።

ያን ዕለት ማታ ካሴቱን እንደ ገና አሰማን። መጀመሪያ የመጣው በገናው ሳይሆን፥ አባታችን ከመጀመራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነበር። ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም። እናታችን ቀና ብለው ወደ ልጁ ዘወር አሉና «እስቲ ከመጀመሪያው መልሰው፥ ልጄ» አሉት።