የመለኪያው መሥመር እንዳይጠፋ

ከሕፃናት የትኩሳት ሽሮፕ ጋር አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ አብራ ትመጣለች። በጐኗም ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ የተሰመሩ መሥመሮችና በአጠገባቸው 2.5፣ 5፣ 10 የሚሉ ቁጥሮች ይታያሉ። በእኛም ቤት እንዲህ ያለች መለኪያ ነበረች። በሙቅ ውሃና በሳሙና ጥቂት ጊዜ ከታጠበች በኋላ ግን የ2.5 ሚሊ ሊትሩ መሥመር ፈጽሞ ጠፋ፤ ከ5ም የቀረው ጭራው ብቻ ሆነ። ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ በደብዛዛ መብራት በዚያች መለኪያ የሚለካ ሰው እጥፍ መድኃኒት ቢሰጥ የሚፈረድበት እርሱ ነውን? ጥፋቱ የተጀመረው መለኪያዋ ከመታጠቧ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በፋብሪካ ውስጥ የቀለሙ ጣሳ በተመረጠበት ሰዓት ነው።

እንዲህ ባለ ጐባጣ ዕቃ ላይ የሚታየው ጽሕፈት እንደ ጋዜጣ አይታተምም። ባለሙያዎች ፓድ ፕሪንቲንግ በሚሉት ዘዴ አስቀድሞ ጽሕፈቱ በአንድ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ይፈለፈላል፤ ጥልቀቱም 0.02 ወይም 0.03 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፍልፍሉ ቀለም ይሞላል፤ ትርፉን ስለት ይጠርገዋል፤ ከዚያም ለስላሳ የሲሊኮን ትራስ ወርዶ ቀለሙን ያነሣና በዕቃው ላይ ያሳርፈዋል። ትራሱ ለስላሳ በመሆኑ የዕቃውን ጕብጠት ተከትሎ ይተኛል፤ ሲሊኮንም ቀለም የማይዝ ነገር ስለሆነ የተሸከመውን ይለቃል። ሲሊኮን ከመምጣቱ በፊት የስዊስ ሰዓት ሠሪዎች በጄላቲን ትራስ የሰዓት ፊት ያትሙ ነበር። በዚህ መንገድ በዕቃው ላይ የሚቀረው ቀለም እጅግ ስስ ስለሆነ ጥንካሬውን ከውፍረቱ ሊያገኝ አይችልም፤ ተስፋው ሁሉ በመያዙ ላይ ነው።

በአማርኛችን ቀለም የሚለው ቃል መልክንም፣ የሚጻፍበትንም ፈሳሽ፣ ትምህርትንም ስለሚያመለክት በግዢ ወረቀት ላይ «ጥቁር ቀለም» ብሎ የጻፈ ሰው ጉዳዩን የጨረሰ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ገና አልጀመረም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥላሸቱን ከሙጫ ጋር አዋሕደው የሚያዘጋጁት ቀለም ለብራና እንጂ ለመስተዋት የተበጀ አይደለም። እንደዚሁም ፕላስቲክ የሚባለው ሁሉ አንድ ቤተ ሰብ ይምሰል እንጂ ጠባዩ ልዩ ልዩ ነው። ፖሊስቲሪንና ኤቢኤስ የተባሉትን በቀለሙ ውስጥ ያለው ቲነር ፊታቸውን በጥቂቱ ስለሚያሟሟው ቀለሙ በቀላሉ ይይዛቸዋል። ለእነዚህ በመድረቅ ብቻ የሚጠነክረው ባለ አንድ ጣሳ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

የመድኃኒት መለኪያና የመርፌ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚሠሩበት ፖሊፕሮፒሊን ግን ማንንም የማያስጠጋ ነው። ውሃ ቢያንጠባጥቡበት በቅባት በታሸ ምጣድ ላይ እንዳለ ጠብታ ተድቦልቡሎ ይቀራል። ከውሃው ያልተስማማ ፊት ከቀለሙም አይስማማም። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት በጋዝ ነበልባል ውስጥ በቅጽበት ያሳልፉታል፣ ወይም ኮሮና በሚባለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ፊቱን ይለውጡታል፣ ወይም ስስ መያዣ ቅብ ይቀቡታል። ያልታከመው ፖሊፕሮፒሊን የገጹ ኃይል በሜትር 30 ሚሊ ኒውተን አካባቢ ሲሆን ለኅትመት ቢያንስ ወደ 38 እንዲደርስ ይፈለጋል። ይህም ኃይል በመጋዘን ሲቀመጥ እየደከመ ስለሚሄድ ዛሬ የታከመውን ከብዙ ሳምንት በኋላ ማተም ከንቱ ድካም ነው።

ሳሙናና አልኮል ለሚነካው ዕቃ ባለ ሁለት ጣሳው ቀለም ይመረጣል። ይኸውም በአንዱ ጣሳ ቀለሙ፣ በሌላው ማጠንከሪያው ያለበት ሲሆን መጠኑ እንደ ቀለሙ ዐይነት፣ ለምሳሌ 10 እጅ ቀለም ከ1 እጅ ማጠንከሪያ ጋር፣ በሚዛን ተመዝኖ ይቀላቀላል። በዐይን ግምት የሚያፈሱም ሠራተኞች አሉ፤ ቡና የሚያፈሉ ይመስል። ማጠንከሪያው ሲያንስ ቀለሙ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ሲበዛም ይሰባበራል። ከተቀላቀለ በኋላ የሚያገለግለው ለጥቂት ሰዓታት፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ በሳህኑ ላይ ፈሳሽ መስሎ ቢታይም የመያዝ ኃይሉ አልፏል፤ ለቁጠባ ብሎ እስከ ማግስቱ ማቆየት ትልቅ ስሕተት ነው። ማጠንከሪያው አይሶሳይኔት ያለበት ከሆነ የአየሩን እርጥበት እየሳበ ስለሚበላሽ ጣሳው ወዲያው መከደን አለበት፤ ለሠራተኛውም ሳንባ ክፉ ስለሆነ ጓንትና በቂ የአየር መውጫ ያስፈልጋል።

የዚህ ዐይነቱ ቀለም ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ መጠንከሩን ያቆማል ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ሙቀቱ ከዚህ በታች ይወርዳል። ማታ ታትሞ ባልሞቀ መጋዘን ያደረ ዕቃ ጧት ሲነካ ደረቅ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው። በጅቡቲ ሙቀት ግን ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀለሙ ወደ ትራሱ ሳይወጣ በፍልፍሉ ውስጥ ይደርቃል። በዚያ ዘግይቶ የሚተን ቲነር ወይም ማዘግያ ይጨመራል። ማዘግያው ሲበዛ ደግሞ ትራሱ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ይቀራል።

ጭማሪዎች ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ቲነሩ ከመቶ 10 እስከ 20 እጅ ሲሆን ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ መሥመሩ ይሳሳል፣ ጀርባውም ያሳያል። ቀለሙ ነጠብጣብ ሲያወጣ የሚጨመረው የሲሊኮን ዘይት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ካለፈ ራሱ ቀለሙን ከዕቃው ያላቅቀዋል። በደረቅ ወራት ፕላስቲኩ በኤሌክትሪክ ሲሞላ ቀለሙ እንደ ሸረሪት ድር ፀጉር ያወጣል፤ ለዚህ ጣሳውን ከመነካካት ይልቅ የክፍሉን አየር ማርጠብ ይሻላል ባዮች ነን። ለዕቃው ያልተመረጠን ቀለም ግን የትኛውም ጭማሪ አያድነውም።

ለልጆች መጫወቻ ሲሆን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ልጅ የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ ያስገባልና። አንዳንድ ደማቅ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለሞች እርሳስ አለባቸው፤ እርሳስ ስንል መጻፊያውን ሳይሆን መርዛሙን ብረት ነው። አሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ባወጣችው ሕግ በመጫወቻ ቅብ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን እጅ 90 እጅ የሚበልጥ እርሳስ እንዳይገኝ ወስናለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2009 ከመጫወቻ ሊወጡ የሚችሉ የእርሳስ፣ የካድሚየምና የሌሎችም ንጥረ ነገሮች መጠን የሚገድብ መመሪያ አውጥቷል።

በግዢ ክፍል የምትሠሩ አንባቢዎቻችን በውሉ ላይ የቀለሙን መልክ ብቻ ሳይሆን የዕቃውን ፕላስቲክ ስም፣ የሚታጠብበትንም ነገር እንድታስጽፉ እንለምናለን። ዕቃው ሲቀርብም ታትሞ አንድ ሳምንት ከሞላው በኋላ ጥቂቱን መርጦ ጽሕፈቱን በስለት እንደ መረብ መሰንጠቅ፣ ማጣበቂያ ፕላስተር አጥብቆ ለጥፎ በአንድ ጊዜ መንጨት፣ ሌላውንም አልኮል በነካ ጨርቅ ማሸት ይገባል። በታተመበት ዕለት የተደረገ ፈተና ስለ ባለ ሁለት ጣሳው ቀለም የሚያስረዳው ነገር የለም።

እኛም ያችን መለኪያ ጥለን ወደ መድኃኒት ቤት ሄድን። የተሰጠችን አዲሲቱ መለኪያ መሥመሮቿ በቀለም የተጻፉ ሳይሆኑ ከፕላስቲኩ ጋር አብረው የወጡ ናቸው፤ በጨለማም በጣት ይዳሰሳሉ።