ስለ አፈር እርጥበትና ጨው መለኪያዎች

በመስኖ የሚለማን መሬት ከውኃ ማነስ ይልቅ የውኃ መብዛት ሊያጠፋው እንደሚችል በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ የሚያርስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአሚባራ ወረዳ፣ በመልካ ሰዲና በመልካ ወረር አካባቢ፣ ጥጥ ይበቅልባቸው ከነበሩት እርሻዎች አያሌዎቹ የተተዉት በድርቅ ምክንያት አይደለም። ለዓመታት ያለ ልክ በተለቀቀው ውኃ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ ወጣ፤ ፀሐይም ውኃውን ስታተነው ጨዉ በመሬቱ ገጽ ላይ ቀረ። ስለዚህ የአፈርን እርጥበትና ጨው የሚለኩ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ወደ አገራችን መግባታቸው የሚያስደስት ነገር ነው። ይሁን እንጂ የትኛው መሣሪያ ለየትኛው መሬት ይስማማል የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በፊት መነሣት ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ዕቃው ከተገዛ በኋላ ነው።

በርካሽ የሚሸጡት ባለ ሹካ መለኪያዎች ውኃውን ራሱን አይለኩም። የሚለኩት አፈሩ የኤሌክትሪክ ኃይልን የመያዝ ችሎታውን ነው። ይህ ቁጥር ለውኃ 80 ያህል፣ ለደረቅ አፈር ግን ከ3 እስከ 5 ስለሆነ፣ መሣሪያው ከልዩነቱ ተነሥቶ እርጥበቱን ይገምታል። ጨው በሌለበት መሬት ግምቱ መልካም ነው። ጨው በበዛበት መሬት ግን ኤሌክትሪኩ በጨዋማው ውኃ በኩል ስለሚያልፍ፣ መለኪያው ጨዉን እንደ ውኃ ይቆጥረዋል። እኔ ራሴ በአንድ ማሳ ሁለት ዓይነት መለኪያዎች ጎን ለጎን ባስገባ፣ አንደኛው መሬቱ ጠግቧል ሲል ሁለተኛው ተጠምቷል አለኝ። የመጀመሪያውን ያመነ ገበሬ ውኃውን ይዘጋል፤ ተክሉ ይጠወልጋል፤ ጨዉን አጥቦ ወደ ታች የሚያወርደው ውኃም ይቀራል። ስሕተቱ አደገኛ የሚሆነውም መሬቱ ይበልጥ በታመመበት ቦታ ነው።

ቲዲአር የሚባለው፣ በብረት ዘንግ ላይ የተላከ የኤሌክትሪክ ምት ሄዶ የሚመለስበትን ጊዜ የሚቆጥር መሣሪያ፣ ከዚህ የተሻለ ነው፤ በዚያው ዘንግ ጨውንም ይለካል። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ እጅግ ጨዋማ በሆነ ዋልካ መሬት ላይም ምቱ ጠፍቶ ሳይመለስ ይቀራል። በጀሶ የተሸፈኑት መለኪያዎች ደግሞ ጀሶው ራሱ በጥቂቱ እየሟሟ ስለሚጠብቃቸው መካከለኛ ጨው አያሳስታቸውም። የሚነግሩንም ሥሩ ውኃውን ለመሳብ ምን ያህል እንደሚደክም ነው። በአውስትራሊያ የተሠራው ካሜሊዮን የሚባለው ከዚህ ወገን ሲሆን፣ እርጥቡን በሰማያዊ፣ መካከለኛውን በአረንጓዴ፣ ደረቁን በቀይ መብራት ስለሚያሳይ ፊደል ላልቆጠረም ይገባል።

የጨውን ልክ በተመለከተ መሥሪያ ቤቶች ዘወትር የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። በሰንጠረዥ የምናነበው የጨዋማነት ወሰን፣ ይኸውም 4 ዴሲሲመንስ በሜትር፣ በቤተ ሙከራ በውኃ ከተለወሰ አፈር ተጨምቆ ለወጣ ውኃ የተወሰነ ነው። በማሳ የተተከለው መለኪያ ግን አፈሩን እንዳለ ስለሚለካ፣ ጨዉ ሳይለወጥ ውኃ በጠጣበት ዕለትና ከጥቂት ቀናት በኋላ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱን ቁጥሮች ማመሳሰል ጉዳት ያመጣል፤ ምክንያቱም ጥጥ እስከ 7.7 ድረስ ምርቱ ሳይቀንስ ሲታገሥ፣ ሽንኩርት ከ1.2 በላይ መቀነስ ይጀምራል። በዝቅተኛው ንባብ ተማምኖ ጥጡን ትቶ ሽንኩርት የተከለ ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል።

በእኔ አስተያየት ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ከዚያው ማሳ የተወሰደ አፈር ተመዝኖ፣ በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት በምድጃ ደርቆ፣ እንደገና ተመዝኖ ከመሣሪያው ንባብ ጋር ሊነጻጸር ይገባል። ለዚህ ሚዛንና ምድጃ እንጂ የውጭ አገር ባለሙያ አያስፈልግም። ገንዘብ የሚያንሳቸው ማኅበራት ደግሞ በጎጃም በቆጋ መስኖ የተሞከረውን፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልገውን ቀላል የፕላስቲክ ቀፈፍ ቢመለከቱ መልካም ነው። ከመሬት በታች ተቀብሮ ውኃው እንደ ደረሰበት ተንሳፋፊ ምልክቱን ወደ ላይ ያወጣል፤ ከተጠራቀመበት ውኃም በመርፌ ተስቦ ጨዉ ሊለካ ይችላል።